ጣሪያው መሃል ላይ ቀጥ ሲል፦ የኮንቨርቲብል መኪና ጣሪያን ከቀላሉ ጀምሮ መጠገን

ጣሪያው የሚታጠፍ (ኮንቨርቲብል) መኪናችሁ ውስጥ ሆናችሁ የጣሪያውን በተን ተጫናችሁ። የጎን መስታወቶቹ ትንሽ ዝቅ አሉ፣ ጣሪያው ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ተላቀቀ፣ ከዚያ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀጥ አለ። ወይም ጭራሽ አልተነቃነቀም፤ በተኑ ላይ ያለችው መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ደመናው ደግሞ እየተሰበሰበ ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። በተኑን ደጋግሞ ይጫናል፣ ወይም ወርዶ ጣሪያውን በእጁ ይገፋል። ሁለቱንም አታድርጉ። ደጋግሞ መጫን ባትሪውን ያደክማል፣ ሞተሩንም ያግለዋል። መግፋቱ ግን ይብሳል። በአንዲት ትንሽ ስዊች ምክንያት ቆሞ የነበረ ጣሪያ ክንዱ ይጣመማል፣ የተጣመመ ክንድ ደግሞ ተመልሶ በልኩ አይቀናም።

ልትይዙት የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው። የቆመ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ጣሪያ አይደለም። የመኪናው ኮምፒውተር ‹አንድ ነገር ስላልተሟላ አላንቀሳቅስም› ያለው ጣሪያ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ምንም ከማያስወጣው ጀምሩ፣ ከዚያ ርካሹን እዩ፣ ውዱን ለመጨረሻ አቆዩት። ብዙ ጋራዥ ግን ነገሩን ገልብጦ ይጀምረዋል። ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ‹ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር› ይባላል።

ጣሪያው የሚሠራው በምንድን ነው?

ይህን ሳታውቁ አንድም ብሎን አትፍቱ። በኤሌክትሪክ የሚታጠፉ ጣሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው በዘይት ግፊት ይሠራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽ ፓምፕ ያሽከረክራል፣ ፓምፑ ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሲሊንደሮች ይገፋል፣ ሲሊንደሮቹ የጣሪያውን ክንዶች ያነሳሉ። ከ2002 እስከ 2008 የተሠራው የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው ዜድ4፣ መርሴዲስ ኤስኤልኬ፣ ቮልስዋገን ኢዮስ እና እስከ 2014 የተሠሩት ፎርድ መስታንጎች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ዘይት የሚባል ነገር የለውም። ሞተሩ ክንዶቹን በጥርስ፣ በገመድ ወይም በማርሽ በቀጥታ ይጎትታል። የመጀመሪያው ፖርሽ ቦክስተር፣ የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ ጠንካራ ጣሪያ እና ፊያት 500ሲ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለቱም ግን አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ጣሪያው አሁን የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚናገሩ ትናንሽ ስዊቾችና ሴንሰሮች አሉ። ጣሪያው ከፊት ተላቋል? ክዳኑ ተነስቷል? መስታወቱ ወርዷል? የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ሲመጣ ነው ቀጣዩ እርምጃ የሚታዘዘው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፎርድ ከ1957 እስከ 1959 ስካይላይነር የሚባል የብረት ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ይሠራ ነበር። በውስጡ ወደ 186 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ እና 10 የማቆሚያ ስዊቾች ነበሩት። ዛሬ በመሃል ኮምፒውተር ገባ እንጂ የስዊቾቹ ሥራ ያው ነው። አንዷ ካልመለሰች ሁሉም ይቆማል።

ደረጃ 1፦ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት

መኪናውን ወደ ውጭ አውጡና ሜዳ ላይ አቁሙት። ከላይ ዛፍና የጋራዥ ጣሪያ አለመኖሩን እዩ። ሞተሩን አስነሱ። የጣሪያ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ደከም ያለ ባትሪ መኪናውን ለማስነሳት በቅቶ ለጣሪያው ላይበቃ ይችላል። አርፎ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ዝቅ ካለ ችግራችሁ የጣሪያ ሳይሆን የባትሪ ወይም የዲናሞ ነው።

ቀጥሎ የኋላውን ኮፈን ክፈቱ። ጣሪያቸው ብረት የሆነ መኪኖች ውስጥ ጣሪያው ታጥፎ የሚገባው ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሆነ፣ ዕቃውን ከጣሪያው የሚለይ መጋረጃ ወይም ክዳን አለ። መርሴዲስ ኤስኤልኬ፣ ፔጆ 206 ሲሲ እና ቢኤምደብሊው ኢ93 (የብረት ጣሪያው የሚታጠፍ 3 ሲሪዝ) ላይ ይህ መለያ በቦታው ካልተቆለፈ ጣሪያው አይከፈትም። በዓይን ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ጫፉን እዩ፤ መንጠቆው ከማረፊያው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ጎሎት ይሆናል። አንስታችሁ ‹ቀጭ› እስኪል ድረስ መልሳችሁ ግፉት። ከሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ሻንጣ ወይም ጃንጥላ ካለ አውጡት። ኮፈኑንም በደንብ ዝጉ።

የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የመጀመሪያው ቦክስተር ላይ የእጅ ፍሬኑ ካልተሳበ ጣሪያው አይታዘዝም፤ ከፍሬኑ ሥር ያለችው ስዊች ከላላች ደግሞ ብትስቡትም አያምናችሁም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሹን ፒ ላይ አድርጉ፣ የፍሬን ፔዳሉንም ረግጣችሁ ሞክሩ።

አሁን መስታወቶቹ። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ባትሪ ከተቀየረ ወይም ከተነቀለ በኋላ በብዙ መኪኖች ላይ መስታወቶቹ ላይና ታች የት እንደሆነ ይረሳሉ። ጣሪያው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ መስታወቶቹ መውረዳቸውን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ባትሪ በተቀየረ ማግስት ጣሪያው ‹ተበላሸ› ይባላል። መፍትሔው ነጻ ነው። እያንዳንዱን መስታወት እስከ ላይ ዝጉና በተኑን ሳትለቁ ጥቂት ሰከንዶች ያዙት። ከዚያ እስከ ታች አውርዳችሁ እንዲሁ ያዙ። አራት መስታወት ካለው አራቱንም አድርጉ። የአንዱ መስታወት ሞተር ከሞተ ግን መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ጣሪያው እየጠበቀ ያለው እሱን ነው።

ጣሪያውን ለጓደኛ ለማሳየት ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ዘግታችሁ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ግሎ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉትና እንደገና ሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ዝናብ እየመጣ ከሆነ በእጅ መዝጋት

ከላይ ያለው ሁሉ ካልሠራ ጣሪያውን በድንገተኛ መንገድ ትዘጋላችሁ። አምራቾቹ በየመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ላይ መንገዱን ጽፈውታል። መጽሐፉ ከሌላችሁ የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ይዛችሁ ፈልጉት፤ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በግምት አይሠራም።

አካሄዱ ግን ተቀራራቢ ነው። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍታችሁ ንቀሉ። ዘይት የሚጠቀም ከሆነ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የታፈነው ዘይት ጣሪያውን ይዞታል፤ ስለዚህ በአብዛኞቹ ፓምፖች ላይ ግፊቱን የሚለቅ ትንሽ ቫልቭ አለ። ለምሳሌ በቀደሙት መስታንጎች ላይ ፓምፑ አካል ላይ ያለውን ቫልቭ በትንሹ ታዞራላችሁ። ከዚያ ጣሪያው ይላላል። ሲላላ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ቫልቩን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለተኛ ሰው ጣሪያውን ይያዝ። እጃችሁን ከክንዶቹ መጋጠሚያ አርቁ። እነዚያ መጋጠሚያዎች ጣት ይቆርጣሉ፤ ይህን የምለው በቁም ነገር ነው።

ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ እኩል ያንሳ። አንድ ሰው በአንድ ወገን ቢጎትት ክፈፉ ይጠመዘዛል። ወደ ፊት አምጥታችሁ ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ ስታሳርፉት መቆለፊያውን በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ በሚገኘው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አጥብቁት። በእጅ የተዘጋ ጣሪያ ከኋላ በኩል ሙሉ በሙሉ ላይቆለፍ ስለሚችል አውራ ጎዳና ላይ አትፍጠኑ። ቫልቩንም መልሳችሁ መዝጋት አትርሱ። ክፍት ከቀረ ነገ ሞተሩ እየዞረ ጣሪያው አይንቀሳቀስም፣ ሌላ ብልሽት የመጣ ይመስላችኋል።

ደረጃ 3፦ ጆሯችሁን ስጡት

ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፉ። አንድ ሰው በተኑን ይጫን፣ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ አዳምጡ። የምትሰሙት ድምፅ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አልሰጠም። ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ በተኑ ራሱ ሞቷል፣ ወይ አንዱ ሴንሰር ‹አይሆንም› ብሏል። ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ ሪሌው (ኮምፒውተሩ ሲያዘው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ስዊች) ታዟል፣ ሞተሩ ግን አልዞረም። ሞተሩ እየዞረ ጣሪያው ካልተነሳ ጉዳዩ የዘይት ነው። ሞተሩ ዞሮ፣ ጣሪያው ተንቀሳቅሶ፣ ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ መልስ መስጠት የነበረባት ስዊች ናት የጠፋችው።

አንድ ልዩ ምልክት አለ። ጣሪያው በአንድ ጎን ብቻ ከተነሳ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከቀደመ ወዲያው በተኑን ልቀቁ። አንደኛው ሲሊንደር ዘይት እያፈሰሰ ነው፣ ወይም በገመድ በሚሠሩት ላይ አንዱ ገመድ ተላቋል። አንድ ጊዜ እንኳ ‹ልሞክረው› አትበሉ።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሪኩን መከተል

እዚህ ላይ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ያስፈልጋል። ርካሹ ይበቃል።

ከፊውዙ ጀምሩ። የፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ ወይም መምሪያው ላይ የጣሪያው ፊውዝ የትኛው እንደሆነ ታገኛላችሁ። የተቃጠለ ከሆነ በራሱ ልክ ብቻ ቀይሩት። እንደገና ከተቃጠለ የታሰረ ሞተር ወይም የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ መክተት መኪና ያቃጥላል።

ፊውዙ ደህና ከሆነ የሞተሩ መሰኪያ ላይ ለኩ። አንድ ሰው በተኑን ሲጫን 12 ቮልት ገደማ እዚያ ከደረሰና ሞተሩ ካልዞረ ሞተሩ ሞቷል ወይም ታስሯል። የሞተሩን አካል በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ እየመታችሁ ሞክሩ። ያለቀ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) ያለው ሞተር አንዳንድ ጊዜ በዚህ ይነቃል። ከነቃ ጣሪያውን ዝጉና ወደ ጥገና ሂዱ፤ ነገ ላይነቃ ይችላል።

ቮልቱ ካልደረሰ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሪሌው ጋ ለኩ፣ ከዚያም ከመኪናው አካል ጋር የታሰረውን የማሳ ሽቦ እዩ። የማሳው ብሎን ሥር ዝገት ካለ ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና መልሳችሁ አጥብቁ። ሪሌዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለመክፈት አንዱ ለመዝጋት። ይከፈታል ግን አይዘጋም የሚል ቅሬታ ካላችሁና ሁለቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ቦታ አቀያይሯቸው። ችግሩ አብሮ ከዞረ ሪሌው ነው።

ደረጃ 5፦ ዘይቱ

የዘይቱን ማጠራቀሚያ ፈልጉ። ፓምፑ ጋ ተያይዞ የሚታይ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የላይና የታች መስመር አለው። ጣሪያው ክፍት ሆኖ ይሁን ተዘግቶ የሚለካው መምሪያው ላይ ተጽፏል፣ ምክንያቱም ዘይቱ ወደ ሲሊንደሮች ሲሄድ መጠኑ ይለዋወጣል።

የጎደለ ከሆነ የትኛውን ዘይት እንደሚወስድ ሳታረጋግጡ አትጨምሩ። አንዳንዱ ቀዩን የካምቢዮ ዘይት ይወስዳል፣ አንዳንዱ አረንጓዴውን የሃይድሮሊክ ዘይት። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ለማዕድን ዘይት በተሠራ ሲስተም ውስጥ የፍሬን ዘይት ከገባ ደግሞ በየሲሊንደሩ ያለው ጎማ አብጦ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የመኪናውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።

ይህ ሲስተም እንደ ሞተር ዘይት አይጠጣም። ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ የፈሰሰበትን ፈልጉ። የሲሊንደሮቹ ዘንግ ላይ፣ የቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ፣ ከፊት መቆለፊያው ሥር። ከፊት በኩል ጭንቅላታችሁ ላይ ዘይት ከተንጠባጠበ ከጣሪያው ጠርዝ ያለው ሲሊንደር ነው። በአንዳንድ መኪኖች ግፊቱ ከ100 ባር ስለሚያልፍ ሲስተሙ እየሠራ የሚያፈስ ቦታን በጣት አትዳስሱ። እንዲህ ያለ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳ ይበሳል። ካርቶን አስጠጉና እርጥበቱን እዩ።

ሲሊንደር ሲያፈስ ብዙ ጋራዥ ሙሉውን ይቀየር ይላል። ከመስማማታችሁ በፊት ጓርኒሲዮኑ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ብቻ የሚቀየርበትን ቦታ ጠይቁ። ሲሊንደሩን ነቅሎ ልኮ አዲስ ጎማ አስገብቶ መመለስ በጣም ርካሽ ነው፣ የሚሠሩ ልዩ ባለሙያዎችም በአሜሪካና በአውሮፓ አሉ። ዘንጉ እስካልተቧጨረ ድረስ ከዚህ ሌላ አያስፈልግም። ከተገጠመ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ጣሪያውን ቀስ እያላችሁ ብዙ ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ በየመሃሉ ሞተሩን አሳርፉ፣ ዘይቱንም እዩ።

ደረጃ 6፦ ስዊቾቹና ሽቦዎቹ

እዚህ ላይ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ጊዜ ይቆጥባል። ግን ተራ የሞተር ኮድ የሚያነበው አይበቃም፤ የጣሪያውን ሞጁል ማንበብ የሚችል መሆን አለበት። ኮዱን ብቻ አትመልከቱ። እያንዳንዱ ሴንሰር አሁን ምን እንደሚል በቀጥታ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ። ለምሳሌ የዕቃ መለያውን በእጃችሁ ስትዘጉ ‹ክፍት› የሚለው ወደ ‹ዝግ› ካልተቀየረ አግኝታችኋታል።

ስካነር ከሌለ በመልቲሜትር ይሠራል። ስዊቿን ነቅላችሁ በጣት እየተጫናችሁ መስመሩ ሲገናኝና ሲቋረጥ እዩ። ብዙ ጊዜ ስዊቿ ራሷ ደህና ሆና ማቆያዋ ላልቶ ይሆናል፤ ትንሽ ማስጠጋት ይበቃል።

ሽቦ ሲባል መጀመሪያ የምታዩት የኋላ ኮፈኑ ማጠፊያ ላይ ያለውን ነው። በቢኤምደብሊው 3 ሲሪዝ ላይ የታወቀ ነው፤ ሌሎችም ላይ ይደርሳል። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እየታጠፉ ከጊዜ በኋላ ውስጣቸው ይበጠሳል። የሚሸፍናቸውን ጎማ ገልጣችሁ አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ልባሱ ተሰንጥቆ መዳብ የሚታይበት፣ ወይም ሲስቡት እንደ ላስቲክ የሚረዝም ሽቦ የተበጠሰ ነው። በሚተጣጠፍ ለስላሳ ሽቦ ቀጥሉት፤ መጋጠሚያው ከማጠፊያው ራቅ ይበል። ሁሉንም መጋጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አታድርጉ፣ አንድ ላይ ከተከመሩ እንደገና ይበጠሳሉ።

ዜድ4 ካላችሁ፦ ውሃው

የመጀመሪያው ዜድ4 ጣሪያ ጨርቅ ነው፤ አስር ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል፣ ታጥፎ ሲገባ የፊቱ ክፍል ራሱ ክዳን ሆኖ ይሸፍነዋል። የሚያምር አሠራር ነው። ፓምፑ የተቀመጠበት ቦታ ግን ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣሪያው የሚታጠፍበት ጉድጓድ በግራና በቀኝ ጥግ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው። ከጣሪያው ጨርቅ የሚወርደው ዝናብ እዚያ ገብቶ በቱቦ ወደ ኋላ ጎማው አካባቢ ይወጣል። ፓምፑና ሞተሩ ደግሞ በግራው ጥግ፣ ታች፣ በስፖንጅ ልባስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ዛፍ ሥር የቆመ መኪና ቅጠልና አቧራ ይሰበስባል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃው ከፍ ይላል፣ ሞተሩ ይሰጥማል። ስፖንጁ ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ሞተሩ እየዛገ ይቆይና አንድ ቀን ታስሮ ይቀራል። ይህ መኪና ‹ጣሪያው አይሠራም› ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ጣሪያውን ግማሽ አስነስታችሁ በእንጨት ደግፉ። ቁልፉን ንቀሉ። በባትሪ መብራት ከወንበሩ ጀርባ ወደ ጥጉ ወደ ታች እዩ። ውሃ፣ ጭቃ ወይም የበሰበሰ ቅጠል ካያችሁ ምክንያቱን አግኝታችኋል። በቫኩም ወይም በጨርቅ አውጡት። ቱቦውን ለመክፈት ወፍራም የናይለን ክር፣ ለምሳሌ የሣር ማጨጃ ክር፣ ቀስ እያላችሁ አስገቡ። የኮምፕሬሰር አየር አትንፉበት፤ ቱቦው ከመጋጠሚያው ይወጣና ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ መግባት ይጀምራል። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሱ። ሥር ጎማው ጋ ያለ መዘግየት ሲወጣ ማየት አለባችሁ።

ሞተሩ ከሞተ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ፓምፑን ከነሞተሩ በአዲስ መተካት ነው። ውድ ነው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተመልሶ ከተቀመጠም ነገ ያው ውሃ ይጠብቀዋል። ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ። ሞተሩ ይፈታ፣ ዝገቱ ይጽዳ፣ ካርቦኑ ይታይ፣ ካልዳነ ሞተሩ ብቻ ይቀየር፤ ከዚያም ፓምፑ ወደ ኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይዛወር። ብዙ የዜድ4 ባለቤቶች ያደረጉት ነው።

ሞተሩን ስትፈቱ የቆርቆሮ ቀፎው ከመሠረቱ ጋር እንዴት እንደተገጠመ በቀለም ምልክት አድርጉ። ውስጡ ማግኔት ስላለ ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት በተቃራኒ ይዞራል። ውስጡን ስትከፍቱ ቡናማ ውሃና የዝገት ዱቄት ይወጣል። በእጅ የማይዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ የታሰረው ጫፉ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው።

ስታዛውሩ የዘይት ቱቦዎቹን አትቁረጡ፣ አትጠምዝዙ። ብረቱ ላይ ለማሳለፊያ ቀዳዳ ከከፈታችሁ ጠርዙን በጎማ ሸፍኑት፣ አለዚያ ንዝረቱ ቱቦውን ይቆርጠዋል። የሞተሩን ሽቦ ስታረዝሙ ከነበረው ያልቀጠነ ሽቦ ተጠቀሙ። ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል። ፓምፑን ቀድሞ በነበረበት አቅጣጫ አስቀምጡት፣ የዘይቱ ማጠራቀሚያ እንዳይዘነበል። ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ከሥሩ ደረቅ ፎም አድርጉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ወይም ክረምት በሚበረታበት ሌላ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ቀዳዳዎቹን ከሰኔ በፊት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ጊዜ አጽዱ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ዝናብ ባይበዛም አሸዋው ይደፍናል፤ ከዚያ መኪናው ሲታጠብ ውሃው መውጫ ያጣል። ይህ ለዜድ4 ብቻ አይደለም፣ ለማንኛውም ጣሪያው ለሚታጠፍ መኪና ነው።

ቦክስተር ካላችሁ

እዚህ ዘይት አትፈልጉ። ከግራና ከቀኝ ክንዶቹን የሚገፉ ዘንጎች ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ጉልላት አለ፣ እሱ ይሰበራል። አንዱ ጎን ቀርቶ ሌላው ሲነሳ ክዳኑ ይጠመዘዛል፤ ከላይ የነገርኳችሁ ‹ወዲያው ልቀቁ› የሚለው ትእዛዝ እዚህ በጣም ይሠራል። የብረት ጉልላት ያለው መተኪያ ይሸጣል፣ ገዝታችሁ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ። ዘንጎቹን ስትመልሱ ርዝመታቸው እኩል ይሁን። ሌላው የሚያስቸግረው ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣው ገመድ ነው፤ ሽፋኑ ሲኮማተር ጫፉ ከማርሹ ይወጣል።

ጎማውና ማጠፊያው

ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ወይም እየጮኸ የሚሄድ ከሆነ ገና ሳይቆም ድረሱለት። የጎማ ጠርዞቹን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱና ለጎማ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ተራ ግራሶ ጎማ ላይ አታድርጉ፣ ያበላሸዋል። ኢዮስ ያላችሁ አምራቹ የሚያዘውን ቅባት ብቻ ግዙ፤ አምስት ክፍል ያለው ጣሪያ ስለሆነ ጎማው ብዙ ነው፣ ሲደርቅም ውሃ ያስገባል፣ ይጣበቃልም።

ባለሙያ ጋ የሚኬደው መቼ ነው

ክንድ ከተጣመመ፣ ጣሪያው በአንድ ጎን ከተነሳ፣ የብረት ጣሪያ ቁራጮች ከልካቸው ወጥተው ከተነካኩ ራሳችሁ አትንኩት። ልኩን የሚመልሰው ልምድ ያለው ሰው ነው።

ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የት ቦታ ላይ እንደሚቆም በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ከነድምፁ። ባትሪው ስንት ቮልት እንዳሳየ፣ ፊውዙን እንዳያችሁ፣ መለያውንና መስታወቶቹን እንደሞከራችሁ ንገሩ። ‹ፓምፕ ይቀየር› ከተባላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በተኑ ሲጫን ፓምፑ መሰኪያ ላይ ስንት ቮልት ደረሰ? መልስ ከሌላቸው ገና አልለኩትም። እናንተ እዚያው ቆማችሁ እንዲለኩት አድርጉ። ቮልቱ ሳይደርስ ፓምፕ ከተቀየረ አዲሱም አይዞርም፣ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል።